ለእጅ ሥራ የሸክላ ሳህን የንድፍ ሐሳብ ከየት ይገኛል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሸክላ መሥራት የጀመሩ ሰዎች ስለ ጭቃ አቦካክና ስለ እሳት ከሚጠይቁኝ ይልቅ «ምን ልሥራ?» ብለው የሚጠይቁኝ ይበዛል። ከታች ያሉት ደጋግመው የሚነሡት ጥያቄዎች ናቸው። ሁሉም በጎድጓዳ ሳህን ላይ ያተኩራሉ፤ ለጀማሪ የሚቀለው፣ ዕድሜ ልክ ቢሠሩት ደግሞ የማይሰለቸው እሱ ነውና።

ከፒንተረስትና ከኢንስታግራም ያስቀመጥኳቸው ፎቶዎች ስልኬን ሞልተውታል። ጭቃው ፊት ስቀመጥ ግን ምንም አይመጣልኝም። ለምን?

ፎቶ የሳህንን ዋና ነገር ይደብቃል። ክብደቱን፣ የግድግዳውን ውፍረት፣ ከሥር ያለውን መቀመጫ፣ አፉ ከንፈር ሲነካ ምን እንደሚመስል አያሳይም። ሠሪ የሚያስፈልገው ደግሞ ይኸው የተደበቀው ነው። በዚያ ላይ እነዚህ ገጾች አንድ ጊዜ የወደዱትን መልሰው መላልሰው ስለሚያቀርቡ፣ ውሎ አድሮ በዓለም ያለው ሳህን ሁሉ ነጣ ብሎ ቡናማ ነጠብጣብ ያለበት ይመስልዎታል።

ካስቀመጧቸው ፎቶዎች አንዱን ብቻ ይምረጡና ለምን እንደሳበዎት ይጻፉ። «ደስ ይላል» መልስ አይደለም። «አፉ ወደ ውጭ ተገልብጦ ከሥሩ ጥላ ስለሚጥል»፣ «ውስጡ ጥቁር ሆኖ ውጩ የአፈሩ መልክ ስለሆነ» የሚለው መልስ ነው። ከዚያ ስልኩን ይዝጉና ወደ ማድ ቤት ይሂዱ። ቤተሰቡ አዘውትሮ የሚያነሣውን ሳህን ያውርዱ፤ የአፉን ስፋት፣ ከፍታውን፣ የመቀመጫውን ስፋት በማስመሪያ ይለኩ፣ ሚዛን ካለም ይመዝኑት። መደርደሪያው ላይ ሌሎች ተቀምጠው ያ ሳህን ሁልጊዜ የሚነሣበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ ቁጥሮች በአንዱ ውስጥ ይገኛል።

ንድፍ ሳወጣ ከቅርጹ ልጀምር ወይስ ከጌጡ?

ከምግቡ ይጀምሩ። ይህን ምክር ሰዎች እንደ ማምለጫ ያዩታል፤ እኔ ግን ከዚህ የተሻለ የሐሳብ ምንጭ አላውቅም።

ገንፎን ይውሰዱ። መሃሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ ይፈስበታል፤ በላተኛው ከዳር እየቆረሰ ወደ መሃል ያጠቅሳል። ስለዚህ የገንፎ ሳህን ሰፊና ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው ቀስ ብሎ የሚነሣ መሆን አለበት። ጠባብና ጥልቅ ካደረጉት እጅ ከዳር መግባት ያቅተዋል፣ ቅቤውም ገና በሁለተኛው ጉርሻ ይፈስሳል። ሽሮ ደግሞ ተቃራኒውን ይጠይቃል፤ እየተንተከተከ ስለሚቀርብ ጥልቅ፣ ወፈር ያለ፣ ሙቀት የሚይዝና የሚያነሡበት ጆሮ ያለው ይሻላል። ክትፎ ቤቶች ክትፎውን የሚያቀርቡበት የሸክላ ጣባ ወፍራም የሆነው እንዲሁ ለውበት ብቻ አይደለም፤ አስቀድሞ የሞቀ ወፍራም ሸክላ ቅቤው ቶሎ እንዳይረጋ ያደርጋል። የትግራዩ ጥሕሎ ሲቀርብ የገብሱ ድብልብል በእንጨት ሹካ እየተወጋ ወጡ ውስጥ ይነከራል፤ የወጡን ሳህን ብዙ እጅ ከየአቅጣጫው ስለሚደርስበት ጥልቀት ያለውና መቀመጫው ሰፍቶ የማይገለበጥ ቢሆን ይመረጣል። የቡና ቁርስ ቆሎ የሚዞርበት ሳህን ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚሄድ ቀላልና በአንድ እጅ የሚታቀፍ መሆን አለበት።

እነዚህን ብቻ በቅደም ተከተል ቢሠሩ አምስት የተለያዩ ሳህኖች አሉዎት፤ አንዳቸውም ከሌላ ሰው ፎቶ የተቀዱ አይደሉም። ጌጡ ከዚህ በኋላ ይደርሳል። ቅርጹ ያልተሳካ ሳህንን ጌጥ ሲያድነው አይቼ አላውቅም።

ከአገራችን የሸክላ ሥራ ምን ልውሰድ? ጀበናና ምጣድ እንጂ ጎድጓዳ ሳህን ብዙ አላይም።

ጀበናን በደንብ ካዩት ሳህኑን ያገኙታል። ሆዱን ከአጋማሹ ቆርጠው በሐሳብዎ አንገቱን ያንሡለት፤ የሚቀረው የታችኛው ግማሽ ከሥሩ ክብ የሆነ ጎድጓዳ ሳህን ነው። ክብ ስለሆነ ብቻውን አይቆምም፣ ጀበና በማቶት ላይ የሚቀመጠውም ለዚህ ነው። ታዲያ ለምን የሳህኑን መቀመጫ ከጭቃ ብቻ እናስባለን? ከሥሩ ክብ የሆነ ሳህን ሠርተው ከስንደዶና ከአክርማ በተሰፋ ማቶት ላይ ቢያስቀምጡት ሁለት የእጅ ሙያ በአንድ ገበታ ላይ ይገናኛል። ምግቡ ሊያልቅ ሲል ሳህኑ ጉርሻ ወደሚያነሣው ሰው ዘንበል ይላል፤ ይህን መቀመጫው ጠፍጣፋ የሆነ ሳህን አያደርገውም። ማቶቱን ለስፌት ባለሙያ ያሠሩት፤ ዋጋውን ሳይከራከሩ ይክፈሉ።

አዲስ አበባ ላሉ ሰዎች የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ቀጨኔ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ ባለው በዚህ ሰፈር ሴቶች ከትውልድ ወደ ትውልድ ያስተላለፉት የሸክላ ሙያ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ሄደው የሚያዩት የተጠናቀቀውን ዕቃ ብቻ አይሁን። ጭቃው ያለ መንኮራኩር (ያለ ሸክላ ማዞሪያ) እንዴት እንደሚነሣ፣ ሠሪዋ ዕቃውን ከማዞር ይልቅ ራሷ በዙሪያው እንዴት እንደምትዞር፣ ውኃው መጠጥ ሲል በለስላሳ ጠጠር እንዴት እንደምታወለውለው ይመልከቱ። ያ ማወልወል ያለ ምንም ቅብ ቆዳ የመሰለ አብረቅራቂ ገጽ ይሰጣል። ጠጠሩ የሄደበት መስመር ደግሞ ብርሃን ሲያርፍበት ይታያል፤ መስመሮቹን ሁሉንም ወደ አንድ አቅጣጫ ቢመሩ ወይም አንዱን መቀነት አወልውለው ቀጣዩን ሻካራ ቢተዉት፣ ቀለም ሳይጨምሩ ጌጥ አገኙ ማለት ነው።

ከጎንደር ወጣ ብሎ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው ወለቃ ሌላዋ ናት። የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪ ሴቶች ለገበያ ከሚያቀርቡት የቤት ዕቃ ጎን ለጎን ትንንሽ የሰውና የእንስሳ ምስሎችን ይሠሩ ነበር። ማኅበረሰቡ በአብዛኛው እ.ኤ.አ. እስከ 1991 ባሉት ዓመታት ወደ እስራኤል ቢሄድም የምስሎቹ አሠራር በመንደሩ ቀርቶ ይሠራበታል። ለሳህን ሠሪ የሚሆነው ትምህርት ይህ ነው፤ የክዳን መያዣ ተራ እንቡጥ መሆን የለበትም። በጣት የምትያዝ ወፍ ወይም የተቀመጠች ሴት ልትሆን ትችላለች።

ወደ ኋላ ርቀው መሄድ ከፈለጉ አክሱም አለ። በዚያ በተደረጉ ቁፋሮዎች ከተገኙት ማሰሮዎች መካከል አንገታቸው የሴት ራስ ሆኖ የተቀረጸ ይገኙበታል፤ ፀጉሩ ተጎንጉኖ ዛሬ ከምናውቀው ሹሩባ ጋር ይመሳሰላል። በዘመኑ መጨረሻ አካባቢ የተሠሩ ሳህኖች ላይ ደግሞ በማኅተም የተመታ መስቀል ይታያል። ከሹሩባ ረድፍ የተነሣ ጭረት በሳህን ዳር ላይ ዛሬም ቢያደርጉት አያረጅም።

ሙዚየም ሄጄ ምን ላድርግ? ዞሬ አይቼ እወጣለሁ፣ ምንም አይቀርልኝም።

ሁሉንም ለማየት አይሞክሩ። ስድስት ኪሎ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ ዕቃዎቹ ከልደት እስከ ሞት ባለው የሰው ሕይወት ቅደም ተከተል ተደርድረዋል። ስለዚህ አንድ ቅል ወይም አንድ የወተት ዕቃ የሚታየው ከነአገልግሎቱ ነው። ከዚያ ብዙም ሳይርቁ ብሔራዊ ሙዚየም ገብተው የጥንቱን የሸክላ ዕቃ ያያሉ፤ ጎብኚው ሁሉ ወደ ሉሲ ስለሚሮጥ የሸክላዎቹ መስኮት ፊት ሰፋ ያለ ጊዜ ያገኛሉ።

አንድ ዕቃ ይምረጡና ፊቱ ይቀመጡ። መጀመሪያ የጎኑን መስመር ብቻ ይሳሉ፤ ከአፍ ተነሥቶ በሆድ በኩል እስከ መቀመጫ የሚወርደውን። የሳህን ባሕርይ ያለው በዚያ አንድ መስመር ላይ ነው። ከዚያ መስመሩ አቅጣጫ የሚቀይርበትን ቦታ ምልክት ያድርጉ። ከላይ አንድ ሦስተኛው ላይ ነው? ግማሹ ላይ? በመጨረሻ ጌጡ የት ተጀምሮ የት እንደሚቆም ይጻፉ። አብዛኛው የቀድሞ ሠሪ ዕቃውን በሙሉ አያስጌጥም፤ ትከሻው ላይ አንድ መቀነት አድርጎ ሌላውን ባዶ ይተዋል። ባዶው ቦታ ምን ያህል እንደሆነ መለካት ጌጡን ከመቅዳት የበለጠ ያስተምራል።

ሥዕል አልችልም። ታዲያ ንድፍ እንዴት ላውጣ?

መቀስ ይጠቀሙ። ወረቀት ለሁለት ያጥፉ፣ ከእጥፋቱ ጀምረው የሳህኑን ግማሽ ጎን ቆርጠው ይዘርጉት፤ ሁለቱ ጎኖች እኩል የሆኑ ሙሉ ቅርጽ ያገኛሉ። ደርዘን ያህል ቆርጠው ግድግዳ ላይ ይለጥፉና ለጥቂት ቀናት እየገቡ እየወጡ ይዩዋቸው። ዓይንዎ እየደጋገመ የሚመለስበት አንዱ ይለያል። ከጥቁር ወረቀት ቢቆርጡ ይበልጣል፤ ጌጥና ቀለም ስለሌለ ቅርጹ ብቻውን ይፈተናል። የተመረጠውን በትክክለኛው መጠን ከካርቶን ይቁረጡና ሲሠሩ ከጎኑ እያስጠጉ ይለኩበት።

ከሌላ አገር ሠሪዎች እነማንን ልመልከት?

ስም ዝርዝር ከማብዛት እያንዳንዱ የሚያስተምረውን ልንገርዎት።

መጀመሪያ ጎረቤት። በዛሬዋ ሰሜን ሱዳን የነበረችው ከርማ ከ3,500 ዓመት በፊት የሠራቻቸው ስስ ኩባያዎችና ሳህኖች ከሥር ቀይ፣ ከአፋቸው ጥቁር ናቸው፤ በሁለቱ መካከል ግራጫማ ነጭ መቀነት ያለባቸውም አሉ። የተወለወለ አፈርና እሳት ብቻ እንጂ ሌላ ቀለም የለባቸውም። በእጅ የተሠራ ዕቃ የግድ ወፍራም ይሆናል ለሚል ሰው ይህን አሳየዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1950 ናይሮቢ የተወለደችው መግደሊን ኦዱንዶ ዛሬ በዓለም ስማቸው ከሚጠራ የሸክላ ባለሙያዎች አንዷ ናት። ዕቃዎቿን ያለ መንኮራኩር በእጅ ታነሣለች፣ በአፈር ቅብ ሸፍና ታወለውላለች፤ አየር በሚገባበት እሳት ሲተኮሱ ብርቱካናማ ቀይ፣ አየር ሲነፈጋቸው ጥቁር ይሆናሉ። ቀጨኔ ካለው ሙያ ጋር ያለውን ዝምድና ልብ ይበሉ። ትላልቅ ሙዚየሞች የሚገዙት ሥራ እኛ ሠፈር በሚሠራበት ዘዴ ነው የሚጀምረው። ኦዱንዶ በወጣትነቷ ናይጄሪያ ውስጥ ያኔ አቡጃ ትባል በነበረችው በዛሬዋ ሱሌጃ በነበረው የሸክላ ማሠልጠኛ ተምራለች፤ የዚያ ቤት ታላቋ ሠሪ ላዲ ክዋሊ ነበረች። ክዋሊ በእርጥብ ጭቃ ላይ እንሽላሊትና ጊንጥ የመሳሰሉ እንስሳትን እየጫረች ታስጌጥ ነበር፤ ምስሏ በናይጄሪያ የ20 ናይራ ኖት ጀርባ ላይ ይገኛል። አንዲት ሸክላ ሠሪ በአገሯ ገንዘብ ላይ ስትታይ ማየት እኔን ሁልጊዜ ያስደስተኛል።

ሸክላ ሠሪዋን ሉሲ ሪን (Lucie Rie) ለሳህን ሲሉ ይመልከቷት። ከቪየና ተሰድዳ እ.ኤ.አ. በ1938 ለንደን የገባች ናት። ጠባብ መቀመጫ ላይ የሚከፈቱ ስስ ሳህኖቿን ዝነኛ ያደረጋቸው በሹል ነገር የተጫረ ጥቃቅን መስመር ነው። ሐሳቡን ያገኘችው እንግሊዝ ውስጥ ኤቭበሪ በሚባል ቦታ ካለ ሙዚየም ነበር፤ ከጥንት የሸክላ ዕቃዎች አጠገብ የወፍ አጥንቶች ተቀምጠው አየች፣ ጭረቱ በእነሱ ሳይደረግ አይቀርም ተብሎ ነበር። እሷ ዕቃዎቹን አልቀዳችም። መሣሪያውን አይታ የራሷን ጭረት ጀመረች። ከአንድ የሙዚየም ጉብኝት እንዲህ ያለ ነገር ይዞ መውጣት ይቻላል።

ፊደል ለሚወዱ ደግሞ በ10ኛው መቶ ዘመን በኢራኗ ኒሻፑርና ዛሬ ኡዝቤኪስታን ውስጥ ባለችው ሳማርካንድ የተሠሩት ሳህኖች አሉ። ነጭ ገጽ፣ በዳሩ ዙሪያ የሚዞር ጥቁር የዓረብኛ ጽሑፍ፤ ብዙ ጊዜ ለባለቤቱ የተጻፈ ምርቃት ወይም ምሳሌ ነው። አብዛኛው ሳህን ባዶ ነው፣ ጉልበቱም ከዚያ ይመጣል።

የሸማ ጥለት፣ የብራና ሐረግ ወይም የግዕዝ ፊደል ሳህን ላይ ማድረግ እፈልጋለሁ። ሲሠራ ግን የተለጠፈ ይመስላል። ምን ላድርግ?

ችግሩ ጥለት ለቀጥተኛ ዳር የተፈጠረ መሆኑ ነው። ሳህን ደግሞ ከላይ ሰፍቶ ከታች ይጠባል። አፉ 18 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳህን ዙሪያው 56 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ይሆናል፤ መቀመጫው 8 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ግን ዙሪያው 25 ብቻ ነው። ከላይ በደንብ የተደረደረው ጥለት ወደ ታች ሲወርድ ግማሽ ቦታ እንኳ አያገኝም። ስለዚህ ሁለት መንገድ አለ፤ ወይ ጥለቱን በአፉ ዙሪያ እንደ መቀነት ብቻ ያድርጉት፣ ወይ ራሱን ጥለቱን ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ አድርገው ይሥሩት።

ሁለተኛውን ለመማር ስፌት ይመልከቱ። የሞሶብ ወይም የሙዳይ ሰፊ ይህን ችግር ድሮ ፈትታዋለች፤ ከመሃል ተነሥታ እየዞረች ስትሰፋ አለላው በየዙሩ እየሰፋ የሚሄድ ኮከብ ወይም ጥርስ ይሠራል። ሐረር ቤቶች ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ስፌቶች አንድ በአንድ የቆጠረ ሰው ክብን ስንት ቦታ መክፈል እንደሚቻል ሌላ መምህር አያሻውም። በሳህን ውስጥ ክብ ለመክፈል ቀላሉ ዘዴ ኮምፓስ ነው። የክቡን ግማሽ ስፋት ሳይለውጡ በዙሪያው ላይ ቢያራምዱት በትክክል ስድስት ቦታ ይከፍለዋል፤ እያንዳንዱን ለሁለት ሲያካፍሉ አሥራ ሁለት ያገኛሉ።

ሐረግን በተመለከተ፣ በብራና ላይ የገጹን ራስ የሚያስጌጠው ጥልፍልፍ መስመር መጀመሪያ በአንድ ገመድ ይሞከር። አንድ ገመድ ከሥር አንዴ ከላይ አንዴ እያለፈ ሲሄድ በትክክል ካልተረዱት በሦስት ቀለም ይበልጥ ይምታታል። ፊደልም እንዲሁ ነው። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከመጻፍ አንድ ፊደል መርጠው ቢደጋግሙ ይሻላል። የ«ወ» እና የ«ዐ» ክብነት ሳህን ላይ ይስማማል። ወፍራሙን ቋሚና ስሱን አግዳሚ ለማውጣት ጠፍጣፋ ብሩሽ ይጠቀሙ፤ ሹል እርሳስ የፊደሉን አጥንት ብቻ ይሰጥዎታል።

መስቀል ወይም ጠልሰም የምግብ ሳህን ላይ ማድረግ ነውር አለው?

ለብዙ ሰው ቅዱስ የሆነ ነገር ወጥ ሥር መግባቱ ያሳዝነዋል፤ ይህን ማክበር ያስፈልጋል። እኔ ቅርጹን እንጂ ምልክቱን አልወስድም። ለምሳሌ ላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ሲያዩት እርስ በርሳቸው ውስጥ የገቡ መስቀሎች ይታያሉ። ከዚያ የሚወሰደው አንዱ ቅርጽ በሌላው ውስጥ የመደርደሩ ሥርዓት ነው፤ እርስ በርስ የሚገቡ ሦስት ሳህኖችን በዚያ ሐሳብ መሥራት ይቻላል።

ቀለም ከየት ላምጣ?

ከአፈሩ። ከተለያየ ቦታ የመጣ አፈር ነጥለው በውኃ ይበጥብጡ፣ በጥሩ ወንፊት አጥልለው እንደ እርጎ ወፈር ሲል ገና ባልደረቀ ሳህን ላይ ይቀቡት። ቀዩ አፈር፣ ቢጫው፣ ነጩ እያንዳንዱ እሳት ውስጥ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ሁሉንም በትንንሽ ሰሌዳ ሞክረው ከጀርባው ከየት እንደመጣ ይጻፉበት። ጥቁር የሚፈልጉ ከሆነ ሳህኑ ከእሳት ገና እንደወጣ በጭድ ወይም በደረቅ ቅጠል ውስጥ ቀብረው ያፍኑት፤ ጢሱ ወደ ሸክላው ይገባል።

የዓደይ አበባ ቢጫ ወይም የዳሎል አረንጓዴ ለማግኘት ግሌዝ (እሳት ውስጥ ቀልጦ ሸክላውን እንደ ብርጭቆ የሚሸፍን ቅብ) ያስፈልግዎታል። ምግብ የሚነካ ከሆነ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት (ሊድ) የሌለበትን ብቻ ይግዙ፤ እርሳስ ያለበት ሽፋን በሎሚ፣ በቲማቲምና በሌላ ኮምጣጣ ምግብ እየሟሟ ወደ ሰውነት ይገባል። ይህ የምርጫ ጉዳይ አይደለም። ያለ ግሌዝ በዝቅተኛ ሙቀት የተተኮሰ ሸክላ ደግሞ ውኃና ዘይት ይመጣል፤ ምጣድ እንደሚሟሸው መሟሸት አለበት፣ ከሟሸ በኋላም መልኩ ይጠቁራል። ስለዚህ የመጨረሻውን ቀለም ሲያስቡ ከእሳት የወጣበትን ሳይሆን ከማሟሸት በኋላ ያለውን ያስቡ።

ያየሁትን ሳህን ብሠራ መስረቅ ይሆናል?

ለመማር መቅዳት የቆየ የሙያ መንገድ ነው፤ ቀድተው ቤትዎ ያስቀምጡት። ለሽያጭ ሲሆን ነገሩ ይለያል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪን በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ ጥበቃው ግን ለተገለጸው ሥራ እንጂ ለሐሳቡ አይደለም። ጠባብ መቀመጫ የማንም አይደለም፣ የአንድን ሠሪ ልዩ ጌጥ ከነአደራደሩ ማንሣት ግን ሌላ ነገር ነው።

ከሕጉ የሚከብድብኝ ሌላው ጎን ነው። በአገራችን ሸክላ ሠሪዎች ለረጅም ዘመን ተንቀዋል፣ ቡዳ ተብለዋል፣ መሬትና ጋብቻ ተነፍገዋል። ዛሬ የእነሱ ቅርጽ በከተማ ሱቅ ውድ ዋጋ ሲያወጣ ስማቸው አብሮ አይነሣም። ከቀጨኔ ወይም ከሌላ ቦታ ሐሳብ የወሰደ ሰው የት እንደተማረ ይናገር፣ ሠሪዋ ከፈቀደች በስሟ ይጥራት፣ ጊዜዋን ከወሰደም ይክፈላት።

የምኖረው ውጭ አገር ነው። የአገር ቤት ሸክላ አጠገቤ የለም። ምን ላድርግ?

ቤትዎ ያለውን ጀበናና ሙዳይ እንዲሁም የእናትዎን ነጠላ እንደ ሙዚየም ዕቃ ይዩአቸው፤ ከላይ ያልኩትን የጎን መስመር ከእነሱ ይሳሉ። ከዚያ የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የቅጂ መብት የሌለባቸውን ሥራዎች ፎቶ ማንም በነፃ እንዲጠቀምበት ለቅቋል። ሙዚየሙ ኒሻፑር ላይ ራሱ ስለቆፈረ የጠቀስኳቸው ባለ ጽሑፍ ሳህኖች እዚያ በብዛት አሉ። የለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየምም ስብስቡን በድረ ገጹ ያሳያል፤ በአገር ስም ፈልገው የኢትዮጵያና የሱዳን ዕቃዎችን ማየት ይችላሉ። የእያንዳንዱ ዕቃ ልኬት ከፎቶው ሥር ስለሚጻፍ በዚያው መጠን ከወረቀት ይቁረጡት። እስራኤል ላሉ ደግሞ የወለቃን ሙያ በልጅነታቸው የተማሩ እናቶች አሁንም በማኅበረሰቡ ውስጥ ይገኛሉ፤ እነሱን መጠየቅ ከማንኛውም ድረ ገጽ ይቀድማል።

ንድፌ ወረቀት ላይ ያምራል፣ ከእሳት ሲወጣ ግን ሌላ ነገር ነው። ምክንያቱ ምንድን ነው?

ሸክላ ይኮማተራል። ብዙ ጊዜ በከፍተኛ ሙቀት የሚተኮሰው ዓይነት ከእርጥቡ መጠን ከ10 እስከ 12 በመቶ ያጣል። በ12 በመቶ ብናስበው፣ ከእሳት በኋላ 15 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን የሚፈልጉት አፍ እርጥብ ሳለ 17 መሆን አለበት። ይህን ያልቆጠረ ሰው የገንፎ ሳህን አስቦ የቆሎ ሳህን ያወጣል።

ሌላው ዳር ነው። በጣም ሰፊና ጠፍጣፋ ከንፈር ሲደርቅ ይጣመማል፣ ሹል ከንፈር ሲታጠብ ይሸራረፋል። የአፉን ጫፍ በጣትዎ ክብ አድርገው ትንሽ ወፈር ያድርጉት። መቀመጫው ከአፉ ስፋት ከአንድ ሦስተኛ ካነሰ ሳህኑ ያምራል ግን ይገለበጣል፤ ለልጆች ገበታ ግማሹን ያህል ያድርጉት።

ሐሳብ ጨርሶ ሲነጥፍብኝስ?

አዲስ ነገር አይፈልጉ፣ የሠሩትን መልሰው ይሥሩ። ከሁሉም የወደዱትን ሳህን መሃል ላይ አስቀምጠው ቀጣዩን በአንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፤ መቀመጫውን በአንድ ሴንቲ ሜትር ከፍ፣ ወይም ከንፈሩን ወደ ውስጥ መለስ፣ ወይም ማወልወሉን እስከ ግማሽ። ሁለት ነገር በአንዴ ከለወጡ የትኛው እንደጠቀመ አያውቁም። ሲተኮሱ ጎን ለጎን ደርድረው የቤት ሰው ምሳ እንዲበላባቸው ያድርጉ፤ አስተያየት አይጠይቁ። በማግስቱ ከመደርደሪያው ቀድሞ የተነሣው የትኛው እንደሆነ አይተው ለቀጣዩ ሥራ መነሻ ያድርጉት።